መልስ፦ የበጎ ፈቃድ ሥራ ለቼቭኒንግ ይቆጠራል ወይ?

እህቴ፣ ከተመረቅሽ ወዲህ ባንክ የሠራሽው አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ «ለቼቭኒንግ፣ ለብሪታንያ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ አይበቃኝም» ብለሽ ሰግተሻል፤ የበጎ ፈቃድ ሥራሽ ይቆጠር እንደሆነም ጠይቀሻል። ተረጋጊ። የሚጠይቁት የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ በሰዓት ሲሰላ 2,800 ነው፤ የበጎ ፈቃድ ሥራም ይገባበታል። በሳምንት 40 ሰዓት ከሆነ ባንኩ 2,080 ይሰጥሻል። ከተመረቅሽ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ 8 ሰዓት በበጎ ፈቃድ ልጆች ያስጠናሽው ደግሞ 832። ድምሩ 2,800ን አለፈ ማለት ነው!

ከባዱ ከማመልከቻው ጋር የምትጽፊው ጽሑፍ ነው። ስለ መሪነት ሲጠይቁሽ «ከልጅነቴ ጀምሮ መሪ ነበርኩ» የሚለውን ተዪው፤ አንባቢው ሰልችቶታል። የቅዳሜውን ጥናት አንሺ። ክፍሉን እንዴት አስፈቀድሽ? ልጆቹ መቅረት ሲጀምሩ ምን አደረግሽ? ስንቱ ተመለሰ? እሱን ጻፊ፣ በራስሽ አማርኛ አስበሽ በራስሽ እንግሊዝኛ። ኤአይ የጻፈው ከሩቅ ያስታውቃል።

በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት የማስተርስ ኮርስ ትመርጫለሽ። የተቀራረቡ ይሁኑ፤ አንዱ ፋይናንስ ሌላው ጋዜጠኝነት ከሆነ «ይቺ ልጅ የምትፈልገውን አታውቅም» ያሰኛል። ስትጨርሺ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው፣ አስቢበት።

ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ኦገስት ላይ ይከፈታል። ደግሞ ነፃ ነው፤ «እኔ ልሙላልሽ» ብሎ ብር የሚጠይቅሽን ሰው እንዳትሰሚው።