ሪሌዩ 3 ቮልት ላይ እየበራ እየጠፋ ስላስቸገረዎት የባትሪ መፈተሻ

የሊቲየም ባትሪን በሬዚስተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ሙቀት በሚለውጥ ክፍል) እያራገፈ አቅሙን በአርዱይኖ (ኮድ በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በሚለካው መፈተሻዎ ላይ፣ ባትሪው 3 ቮልት ሲደርስ ሪሌዩ (ሬዚስተሩን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለማቋረጥ የሚበራና የሚጠፋው ተበላሽቶ አይደለም፤ ሬዚስተሩ ሲላቀቅ የሊቲየም ባትሪው ቮልቴጅ መልሶ ከፍ ስለሚል ኮድዎ ባትሪው ገና ኃይል እንዳለው ቆጥሮ እንደገና ያገናኘዋል። ስለዚህ ቮልቴጁ አንድ ጊዜ ከ3 በታች ከወረደ፣ እርስዎ ቁልፉን እስኪጫኑ ድረስ ሪሌዩ እንዳይመለስ በኮዱ ውስጥ ይቆልፉት።

የባትሪውን አቅም የሚያሰሉበትንም መንገድ ይለውጡ። ባለ 4 ኦም ሬዚስተር በ4.2 ቮልት 1.05 አምፔር ሲስብ በ3 ቮልት 0.75 ብቻ ስለሚስብ፣ በመጀመሪያው ቁጥር ሰዓቱን ማባዛት አቅሙን አጋኖ ያሳያል። በየሰከንዱ ቮልቴጁን ለ4 እያካፈሉ ይደምሩ፤ ጠቅላላ ድምሩን ለ3600 ሲያካፍሉት አምፔር ሰዓት ያገኛሉ። የመለኪያው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጫፍ ይነሳ፤ ሬዚስተሩን ከሚመግበው ሽቦ መጨረሻ ላይ ከተነሳ ንባቡ ዝቅ ይላል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ሬዚስተሩ ከ4 ዋት በላይ ሙቀት ስለሚያወጣ ባለ 10 ዋቱ ነጭ ሴራሚክ ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት። መፈተሻውን የሚጠቀሙት ለገጣፎ ከሆነ፣ በፈተናው መሀል መብራት ሊሄድ ይችላል። ሬዚስተሩ በሪሌዩ «ኤንሲ» ጫፍ (ሪሌዩ ኃይል ሳያገኝ ተገናኝቶ በሚቆየው) ላይ ከታሰረ መብራት ሲጠፋ እንደተገናኘ ይቀራል፤ በዚህ ምክንያት ማታ ተጠምደው ጠዋት ጨርሶ የተሟጠጡ ባትሪዎች በተደጋጋሚ አይቻለሁ። «ኤንኦ» ጫፍ (ሪሌዩ ኃይል ሳያገኝ ተላቆ በሚቆየው) ላይ ይሰሩት፤ አርዱይኖው መብራት ሲመለስ ከመጀመሪያ ስለሚነሳም ቁልፍ ሳይጫን ፈተና እንዳይጀምር ያድርጉ። እንዲህ የተሟጠጠ የሊቲየም ባትሪ መልሶ ሲሞላ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ እባክዎ ቻርጀር ላይ አይሰኩት።