ፓቴሎች የገበሬ ልጆች ናቸው

እህቴ፣ «የምሠራበት ሞቴል ባለቤቶች ፓቴል ይባላሉ፤ ከጥንት የነጋዴ ዘር ናቸው እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደሉም፤ የገበሬ ልጆች ናቸው። ሕንድ፣ ጉጃራት፣ አናንድ ከተማ ስማር ሁለት ዓመት አንድ የፓቴል ቤተሰብ ግቢ ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ካስታቸው፣ ማለትም በትውልድ የሚወረሰው የማኅበረሰብ ክፍላቸው፣ ፓቲዳር ይባላል፤ የመሬት ድርሻ ያለው እንደማለት ነው። ፓቴል ደግሞ የመንደር ሹም መጠሪያ ነበር፤ እንደ እኛ ጭቃ ሹም።

አካባቢው ትምባሆና ሙዝ ያበቅላል። ቤቱን የሚያቆመው ግን የጎሽ ወተት ነው። የቤቱ እናት፣ «ባ» እያልን የምንጠራቸው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ያልባሉ። ጠዋትና ማታ ወተቱን ይዘን መንደሩ የወተት ማኅበር ጋ እንሰለፋለን። ቅባቱ ይለካል፣ በዚያው ልክ ይከፈላል። ሰልፉ ላይ ካስት የለም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስለካል። ይሄንን ማኅበር የፈጠሩት እነሱው ናቸው። ነጋዴ ወተታቸውን በርካሽ ሲወስድባቸው «አንሸጥም» ብለው አደሙ፤ በፈረንጅ 1946 በትሪቡቫንዳስ ፓቴል መሪነት ተደራጁ። ዛሬ አሙል የሚባለው የወተት ድርጅት ነው፤ ቅቤውን እናንተ ጋ፣ አሜሪካ ያሉ የሕንድ ሱቆች ይሸጡታል።

ቤታቸው ሥጋ አይገባም። ወፍራም የማሽላ መሳይ እህል ቂጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አሬራ ይበላሉ። አዎ፣ አሬራ! መጀመሪያ ቀን ባ በብርጭቆ ሲሰጡኝ እናቴ ትዝ ብላኝ እንባዬ መጣ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ኩበትም ያው የኛው ነው።

ደስ ያላለኝም አለ። ትምባሆው ማሳ ውስጥ ጎንብሰው የሚውሉት በአብዛኛው ከሌላ ካስት የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ባለመሬቱ ቆሞ ያዛል። ጋብቻም ከባድ ነው። ስመ ጥር የሆኑ ስድስት መንደሮች አሉ፤ ሴት ልጅን እዚያ ለመዳር አባቷ ብዙ ጥሎሽ ይከፍል ነበር።

ወደ ሞቴሉ ስመጣ፣ መሬት ለወንድማማች እየተከፋፈለ ሲያንስ ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄዱ። በፈረንጅ 1972 ኢዲ አሚን ከኡጋንዳ ሲያባርራቸው ከፊሎቹ አሜሪካ ገቡ። ሞቴል ተስማማቸው። ቤተሰቡ እዚያው ያድራል፣ ሁሉም ይሠራል፤ ልክ እርሻው ላይ እንደነበረው።

ነገ ባለቤቱን «ካዩ ጋም?» በይው። «መንደርህ የቱ ነው?» ማለት ነው። ስለ መሬቱ ሳይነግርሽ አይለቅሽም።