አለቃዬ «ቶ ዘ ላይን» አለኝ፣ ምን ማለቱ ነው?

እህቴ፣ አለቃሽ ስብሰባ ላይ «ሁላችሁም ቶ ዘ ላይን ማድረግ አለባችሁ» ብሎ ስድብ ይሁን ምክር ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። «ቶ ዘ ላይን» (toe the line) የእንግሊዝኛ አባባል ነው። ስድብ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እኔም በዚህች አባባል ተቸግሬ ስለማውቅ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ቃል በቃል የእግር ጣትን መስመር ላይ ማድረግ ነው፤ ሯጮች ከመነሳታቸው በፊት እንደሚቆሙት። ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀል የምንሰለፈውን አስታውሺ። እጅ የፊተኛው ልጅ ትከሻ ላይ፣ እግር ሰልፉ ላይ። ልባችን የት እንዳለ የሚጠይቀን አልነበረም። አባባሉም እንደዚያው ነው፦ አመንሽበትም አላመንሽበትም የታዘዝሽውን ትፈጽሚያለሽ።

አንዳንዶች «ሰጥ ለጥ ብሎ መገዛት» ብለው ይተረጉሙታል። እሱ በጣም ይከብዳል። ለእኔ «መስመር ይዞ መሄድ» ይቀርበዋል።

ፖለቲካ ውስጥ ብዙ ትሰሚዋለሽ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በብሬግዚት፣ ማለትም እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት በምትወጣበት ጉዳይ፣ 21 የእንግሊዝ ወግ አጥባቂ ፓርቲ እንደራሴዎች ከመንግሥታቸው በተቃራኒ ድምፅ ሰጡ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስም ከመካከላቸው ነበሩ። ሁሉም ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን ተባረሩ። ቶ ዘ ላይን አላደረጉም ማለት ይሄ ነው።

አሁን የእኔን ልንገርሽ። አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ደጋግሜ አረፈድኩና ለአለቃዬ የይቅርታ ኢሜይል ጻፍኩላት። መጨረሻው ላይ «ከእንግዲህ ቶ ዘ ላይን አደርጋለሁ» አልኩ። በትሕትና ነበር የጻፍኩት። እሷ ግን ቢሮዋ ጠርታኝ በሩን ዘጋችና «ቅር ያለሽ ነገር አለ?» አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ። ለካ አባባሉ ውስጥ «ሳይወዱ በግድ» የሚል ስሜት አለ። ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ችግር የለውም። ስለ ራስሽ ቃል ስትገቢበት ግን ያኮረፍሽ ያስመስልብሻል። አንቺ «ደንቡን እከተላለሁ» የሚለውን በቀላል እንግሊዝኛ ብትጽፊ ይሻላል።

አጻጻፉንም ተጠንቀቂ። የመጀመሪያዋ ቃል ቲ፣ ኦ፣ ኢ ናት፣ የእግር ጣት። በኢ ፋንታ ደብልዩ ካስገባሽ መኪና መጎተት ይሆናል። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ተወላጆቹ ራሳቸው ይሳሳቱበታል።

ለአለቃሽ መልስ የምትጽፊ ከሆነ ከመላክሽ በፊት እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።