መልስ፦ በፓሪስ ከሻኔል መደብር ቦርሳ ስለመግዛት

ውድ ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ ሲሄዱ ለእናትዎ የሻኔል ቦርሳ ለመግዛት ማሰብዎንና «ዝም ብዬ ብገባ ያስተናግዱኛል ወይ?» ብለው መጠየቅዎን አንብቤያለሁ። ያለ ስጋት ይግቡ፤ ለማየት ብቻ መግባትም ነውር የለውም። የፋሽን ድርጅቱ መሥራች ጋብሪኤል ሻኔል በ1918 እ.ኤ.አ. የያዘችው የካምቦን ጎዳና ቁጥር 31 ሕንፃ ዛሬም የድርጅቱ መደብር ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ወደዚያው እሄድ ነበር፤ ሰልፍ ሊኖር ስለሚችል ጠዋት ይሂዱ። ሲገቡ «ቦንዡር» ማለትን አይርሱ፤ በፈረንሳይ ሰላምታ ሳይሰጡ ዕቃ መጠየቅ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ቦርሳው ሲቀርብልዎ አይቸኩሉ። የኋላው ኪስ ከቦርሳው ገላ ጋር በሚገጥምበት ቦታ የስፌቱ ንድፍ ሳይዛነፍ መቀጠሉን በጣትዎ እየተከተሉ ይመልከቱ።

ነዋሪነትዎ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመሆኑ፣ ከ100 ዩሮ በላይ ሲገዙ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ መጠየቅ ይችላሉ፤ ስለዚህ ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፣ ቅጹን መደብሩ ያዘጋጅልዎታል። ታክሱ 20 በመቶ ቢሆንም የአገልግሎት ክፍያ ስለሚቀነስ ሙሉው አይመለስም። ከሁሉም በላይ፣ ጉምሩክ ዕቃውን ልይ ሊል ስለሚችል፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሻንጣዎን ከማስረከብዎ በፊት ቅጹን «ፓብሎ» በሚባለው የጉምሩክ ማሽን ያስነብቡ።