መልስ፦ ኮንሰርታ እየወሰዱ ቴራፒ መጨመር

ለኤዲኤችዲ (ትኩረትን ለመሰብሰብና ረግቶ ለመቀመጥ ለሚያስቸግር ሁኔታ) የሚታዘዘውን ኮንሰርታ የተባለ መድኃኒት እየወሰዱ፣ ቴራፒ ማለትም በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ልጨምርበት ወይ ብለው ጠይቀዋል። ቴራፒውን ይጀምሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፣ መጠኑንም አይጨምሩ። ኮንሰርታ ከጀመሩ ወዲህ ሥራዎን ቁጭ ብለው መጨረስ እንደቻሉ፣ የቤት ኪራይና የመብራት ክፍያ ግን አሁንም ቀኑ እያለፈ እንደሚቀጡ ጽፈዋል። ይህ የግድ የመድኃኒቱ ድክመት አይደለም፤ መድኃኒቱ ትኩረትን ያግዛል እንጂ ሥራን የመከፋፈልና ቀንን የማስታወስ ልማድ አያስተምርም።

ለዚህ የሚሆነው ሲቢቲ የሚባለው (አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ የሚያተኩር ቴራፒ)፣ በተለይ ለአዋቂ ኤዲኤችዲ የተዘጋጀው ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመውና በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ባካሄደው ጥናት፣ መድኃኒት እየወሰዱም ምልክቱ ያልለቀቃቸው 86 አዋቂዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ሲታከሙ፣ ሲቢቲ ያገኙት አእምሮንና ሰውነትን የማዝናናት ሥልጠና ካገኙት ይበልጥ ተሽሏቸዋል።

ቴራፒስት ሲመርጡ በመጀመሪያው ቀን «የቤት ሥራ ይሰጣሉ?» ብለው ይጠይቁ። ስለ ልጅነት ማውራት የራሱ ጥቅም ቢኖረውም የኪራዩን ቀን አያስታውስዎትም፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎት «ኪራይ መክፈል» የሚለውን «ሰኞ ሂሳቡን ማየት፣ ማክሰኞ መላክ» ብሎ በአንድ ደብተር ላይ መከፋፈልን የሚያለማምድዎት ሰው ነው። ቴራፒስቱ መድኃኒቱን ካዘዘው ሐኪም ጋር እንዲነጋገርም ፈቃድ ይፈርሙለት።

ከልምዴ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ቀጠሮውን ማታ አያድርጉት። ጠዋት 1 ሰዓት የተዋጠ ኮንሰርታ ማታ 1 ሰዓት ግድም ኃይሉ ስለሚያልቅ፣ እኔ በዚያ ሰዓት የሰማሁት ምክር መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ይጠፋብኝ ነበር። ከሥራ መውጣት ካልቻሉ በምሳ ሰዓት በቪዲዮ የሚያነጋግሩ ቴራፒስቶች አሉ።