ዜግነት ሳይኖራቸው የዘመቱት እግረኞች

ጥያቄ፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጦር እግረኞች መካከል በርካቶቹ ዜግነት የሌላቸው ስደተኞች እንደነበሩ በቅርቡ ሰማሁ። ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዴት ይመለመላል? ቋንቋውን ሳያውቅስ ትእዛዝ እንዴት ይቀበላል? በመጨረሻስ ዜግነት አገኙ ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት እውነት ነው። በሌላ አገር ተወልደው በዚያ ጦር የተሰለፉት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ይደርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 1917 የወጣው የምልመላ ሕግ ዜጋ የመሆን ሐሳባቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ያስታወቁ ስደተኞችንም ያስገድድ ነበር፤ ያላስታወቁት ከግዳጁ ነጻ የመሆን መብት ቢኖራቸውም፣ ከእነሱ ብዙዎቹ መብቱን የሚጠይቁበት እንግሊዝኛ ስላልነበራቸው ብቻ ወታደር ሆነዋል።

ቋንቋ የማያውቁት በመጀመሪያ ከውጊያ ሥልጠና ተገልለው ለጉልበት ሥራ ይመደቡ ነበር። በ1918 ግን በጆርጂያ ግዛት በሚገኘው ካምፕ ጎርደን ምልምሎቹን በየቋንቋቸው መድቦ፣ ቋንቋቸውን በሚናገሩ መኮንኖች ሥር እያሠለጠነ ጎን ለጎን እንግሊዝኛ የሚያስተምር አሠራር ተጀመረ።

ከእነዚህ እግረኞች አንዱ አብርሃም ክሮቶሺንስኪ ነው። ይህ ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ በ1912 አገሩን የለቀቀው በሩሲያ ንጉሥ ጦር ውስጥ ላለማገልገል ነበር። ኒው ዮርክ ገብቶ ፀጉር አስተካካይ ሆነ፤ ከዚያም ከሸሸው ውትድርና አላመለጠምና በ77ኛው ክፍለ ጦር በ307ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። በኦክቶበር 1918 በአርጎን ጫካ፣ በሻለቃ ቻርልስ ዊትልሲ የሚመሩ ከ500 የሚበልጡ ወታደሮች ምግብ አልቆባቸው፣ ጥይት እያጠራቸው፣ በአንድ ወቅት የራሳቸው ወገን መድፍ ጭምር እየወረደባቸው ለቀናት በጀርመኖች ተከበቡ። ቀደም ሲል የተላኩት መልእክተኞች ከፊሉ ተገድለው ከፊሉ ተማርከው ሳለ፣ ክሮቶሺንስኪ ኦክቶበር 7 ቀን በፈቃዱ ተነሥቶ በደረቱ እየተሳበ የጠላትን መስመር አልፎ የወገን ጦር ዘንድ ደረሰ። በዚያው ምሽት ከበባው ተሰበረ፤ በእርግጥ ሌሎች ክፍሎችም ለቀናት ጫካውን ሰብረው ለመግባት ሲዋጉ ስለነበር ድሉን ለእሱ ብቻ መስጠት ተገቢ አይሆንም። ለፈጸመው ተግባር የላቀ አገልግሎት መስቀል ኒሻን ተሸልሟል።

ዜግነትን በተመለከተ፣ በሜይ 9 ቀን 1918 የወጣ ሕግ በጦሩ ውስጥ ላሉ ስደተኞች የአምስት ዓመት የነዋሪነት ግዴታውን አንሥቶላቸው፣ ብዙዎቹ እዚያው ጦር ሰፈር ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜጋ ሆነዋል። የሚያሳዝነው፣ በዚያው ባንዲራ ሥር ያገለገሉትን ጃፓናውያን ይህ ሕግ እንደማያካትታቸው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1925 ወሰነ፤ ከእስያ የመጡት የዚያ ጦርነት ወታደሮች ዜግነት የሚጠይቁበት ሕግ የወጣው በ1935 ነው።