ስፓኒሽ ልማር ወይስ አስተርጓሚ ልጥራ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን የሕክምና ስፓኒሽ የሚባል በፍላጎት የሚወሰድ ኮርስ አለው። ሃይስኩል ተምሬው ስለነበር ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ። ጓደኞቼ ግን «አስተርጓሚ እያለ ምን አደከመሽ፣ ለስቴፕ 1 አጥኚ» ይሉኛል፤ የሐኪምነት ፈቃድ የመጀመሪያውን ፈተና ማለታቸው ነው። ባለፈው ደግሞ በጎ ፈቃድ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ሬዚደንት (ተመርቆ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) «ስፓኒሽ ትችያለሽ አይደል?» ብሎ የቀዶ ጥገና ፈቃድ ወረቀት ለአንዲት እናት እንዳስረዳ ጠየቀኝ። ደግነቱ አስተርጓሚዋ ደረሰች። ሌላ ጊዜ ቢደገምስ ምን ልበል? (መ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኮርሱን ውሰጂው። የፈቃድ ወረቀቱን ግን እንዳትነኪው።

አሜሪካ ውስጥ ቤቱ ስፓኒሽ የሚያወራው ሰው ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። አንቺ ያለሽበት የዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ የኤል ሳልቫዶር ሰው ሞልቶታል። ጓደኞችሽ ያልገባቸው አንድ ነገር አለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋ ላይ ያለች ሴትዮ ውኃ ጠምቷት፣ ወይ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጋ፣ ወይ ዝም ብሎ ፍርሃት ይዟት ቢሆን ለዚያ ብሎ አስተርጓሚ የሚጠራ የለም። እዚያ ላይ ያንቺ የተሰባበረ ስፓኒሽ ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛሽም ያግዝሻል። የክፍልሽ ልጆች «ቱ» እና «ኡስቴድ» ሲለዩ ላብ በላብ ይሆናሉ፤ እኛ ግን አንተና እርስዎ እያልን ስላደግን ለአሮጊቷ «ኡስቴድ» ማለት አይጠፋሽም። ሕመሙም የሚነገረው እንደኛው ነው። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» የሚለውን «ራሴን ያመኛል» ብለሽ ካሰብሽው ሰዋስው ማጥናት አያስፈልግሽም።

ችግሩ ወዲህ ነው። ብዙ ኮርስ የሚያስተምረው መጠየቅን ነው። «ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?» ትያለሽ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት ማለትሽ ነው፣ አነጋገርሽም ጥርት ያለ ነው። ሴትዮዋ «ተመስገን፣ ቋንቋዬን የምትችል መጣች» ብላ ከዓርብ ጀምሮ ሆዷን እንዳመማት፣ ሁለት ጊዜ እንዳስመለሳት፣ ጎረቤቷ የሰጠቻትን ክኒን ስትውጥ እንደከረመች፣ ትናንት ደግሞ ሰገራዋ እንደጠቆረ በአንድ ትንፋሽ ታወርድልሻለች። አንቺ ከዚያ ሁሉ የያዝሽው «ዓርብ» የምትለዋን ብቻ ነው። ትነቀንቂያለሽ። ክኒኑና ሰገራው እዚያው ቀሩ፤ ሐኪም ደግሞ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ቢሰማ ጨጓራዋ እየደማ ይሆን ብሎ ይደነግጥ ነበር።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት መምህሩን ጠይቂ። የማዳመጥ ልምምድ ምን ያህል አለ? ታካሚ ሆነው የሚተውኑ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች መጥተው በራሳቸው ፍጥነት ያወሯችኋል? መጨረሻ ላይስ ቋንቋችሁን የሚመዝን ሰው አለ ወይስ ተገኝታችሁ ከሆነ ያልፋችኋል? የአካል ክፍሎች ስም ዝርዝር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ስልክሽ ላይም አለልሽ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። በቁም ነገር የያዙትም አሉ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ከ2004 ጀምሮ የላቲኖ ማኅበረሰብን ለማገልገል የሚፈልጉ ተማሪዎችን ለብቻ በተዘጋጀ ፕሮግራም ያሠለጥናል። እዚያ ቋንቋው ጎን ላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም።

ጥሩ ኮርስ «እዚህ ጋ አቁሚ» ማለትንም ያስተምራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ስፓኒሽ ከሚነገርበት ቤት ያደጉት ልጆች እንኳን የእናታቸውን ጓዳ ስፓኒሽ እንጂ የቀዶ ጥገናውን አያውቁትም፤ አንቺም የፈቃድ ወረቀቱን ለአክስትሽ በአማርኛ አስረጂ ብትባዪ ትንተባተቢያለሽ።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ (ኦባማኬር የምንለው) አንቀጽ 1557 ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል እንግሊዝኛው ለማይበቃው ታካሚ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በ2025 እንግሊዝኛ በፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ይፋዊ ቋንቋ ተብሏል፤ ይሄኛው ግን የኮንግረስ ሕግ ስለሆነ በትዕዛዙ አልተሻረም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎምም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር አይፈቀድም፣ የእኛ ሰፈር ልጆች በየክሊኒኩ ለእናቶቻቸው ሲያስተረጉሙ ብናይም።

ለሬዚደንቱ «ስፓኒሼ ሰላምታና ቀላል ጥያቄ ነው፣ ለፈቃድ ወረቀት አልተፈተንኩም፣ አስተርጓሚ በቪዲዮ ልጥራልህ?» በይው። የምትሠሪለትን ነገር አብረሽ ካቀረብሽ ብዙም አይከፋውም። ቢከፋውም ይክፋው።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ታካሚዋ «ሲ፣ ሲ» (አዎ፣ አዎ) ስላለች ገብቷታል ማለት አይደለም። ይሉኝታ የእኛ ብቻ አይምሰልሽ፤ እናቶቻችን ሳይገባቸው «እሺ ዶክተር» እንደሚሉት ነው። መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስደው በራሷ አፍ መልሳ ትንገርሽ። ደግሞ ከጓቲማላ የመጣ ሁሉ ስፓኒሽ የአፍ መፍቻው አይደለም፣ ማም ወይም ኪቼ የሚባሉ የማያ ቋንቋዎች የሚናገሩ አሉ። ከኢትዮጵያ የመጣን ኦሮምኛ ተናጋሪ አማርኛ አስተርጓሚ ሲያመጡለት ምን እንደሚሰማው ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ቋንቋውን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዳላስ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ስልኬ ላይ ያለው ተርጓሚ አይበቃም?

መልስ፦ ብርድ ልብስ ይጨመርልዎት ለማለት ይበቃል። የኢንሱሊን መጠን ወይም ወደ ቤት ሲሄዱ የሚሰጠው መመሪያ ላይ ግን በፍጹም። ከላይ ያልኩት አንቀጽ 1557 በ2024 በወጣው ማስፈጸሚያ ደንቡ፣ እንዲህ ያለ ወሳኝ ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቃት ያለው ተርጓሚ እንዲያየው ይጠይቃል። ፈረቃ ስትገቢ የአስተርጓሚው ታብሌት የት እንደሚቀመጥና የስልክ መስመሩ ቁጥር ስንት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ሰው ሲጨነቅ ፍለጋ ከመሯሯጥ ይሻላል።